ደሴ የላክኋቸው እንቁላሎች

ጎረቤታችን እማማ፣ ልጃቸው ደሴ ወልዳ አራሷን ሊያርሱ ከኮምቦልቻ ሲነሱ፣ ዶሮዎቻቸውን ለኔ ሰጡኝ። ለባለቤቴ ቢሰጧት ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ። ከፋብሪካ ወጥቼ በር ላይ ተቀምጬ ስቀልድ ስለሚያዩኝ ሥራ የሌለው ሰው መስያቸው ይሆናል።

«አማና ነው እንግዲህ፣ አደራ» አሉኝ። «ጭዱን ቶሎ ቶሎ ቀይርልኝ፤ እርጥብ አይወዱም። እንቁላሉን ለአራሷ ላክልኝ፤ የሚጠግናት የሀበሻ እንቁላል ነው።»

«ወላሂ እማማ፣ እንደ ልጆቼ ነው የምይዝልዎ!»

አልዋሸሁም። የልጆቼንም አልጋ አንጥፌ አላውቅም።

ጭዱን አልቀየርኩም። ይልቅ፣ ሲመለሱ ይደሰቱ ብዬ ሐርቡ ገበያ ወርጄ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛሁላቸው። ሲያስነጥስ ሰምቼዋለሁ። ሻጩን ብጠይቀው «የሐርቡ አቧራ ነው፤ ኮምቦልቻ ሲገባ ይለቀዋል» አለኝ። ይኼን ያመነ ሰው እስከዚህ ዕድሜ መድረሱ ራሱ ይገርመኛል። ወስጄ እዚያው ከሴቶቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ አሳደርኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ያስነጥሱ ጀመር። ከአፍንጫቸው ንፍጥ ይዝረከረካል፣ ዓይናቸው አብጦ ይከደናል፣ ሲተነፍሱ እንደ አሮጌ ባጃጅ ክርር ይላሉ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ጋ ውሰዳቸው» ስትለኝ እኔው ሐኪም ሆንኩ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጬ ሰጠኋቸው፤ ከሽታው ሸሹ። ቀጥዬ፣ እኔን ሳል ይዞኝ በታዘዘልኝ ጊዜ የተረፈውን ካፕሱል እየፈለቀቅሁ ውሃቸው ላይ በተንኩት። ሰፈራችን ውስጥ ዶሮ ሲታመም ሁሉም የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። የሚጥሏትን ጥቂት እንቁላል ደግሞ ጭድ ውስጥ እየደበቅሁ ለሚኒባስ ሹፌር እሰጣለሁ፤ አራሷ ጋ ይደርሳል።

እማማ አብልጠው የሚወዱት ገብስማዋን ዶሮ ነው። ሳነሳት ላባ ብቻ ሆናለች፤ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ እጄን ይወጋኛል። አንድ ጠዋት ከቆጡ ሥር ተዘርራ አገኘኋት። ሳትታረድ፣ ለማንም ሳትሆን።

ያኔ የቀሩትን ካርቶን ውስጥ ከትቼ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ካርቶኑ ውስጥ የጣሉትን ኩስ በእንጨት ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ፤ ነጭ ክር የመሰለ ትል ይላወሳል።

«ጉንፋኑ ሌላ፣ ትሉ ሌላ» አለች። «ጭዱን ከቀየሩት ቆየ መሰለኝ። አዲስ ዶሮም አምጥተዋል፣ አይደል ጋሼ? ለብቻው ሳያቆዩ ቀላቀሉት?»

እንዳየች ነው የምትናገረው። ለጉንፋኑ ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠችኝ፤ የትሉን መድኃኒት ትንሽ ሲያገግሙ ጠብቄ እንድሰጥ ነገረችኝ። «እንቁላሉን ግን እኔ ቀን እስክነግርዎ አይብሉ፤ ለሰውም አይስጡ፤ መድኃኒቱ ውስጡ ይገባል። ከዚህ በፊት የሰጧቸው ነገር አለ?»

ካፕሱሉና ደሴ የላክኋቸው እንቁላሎች ትዝ አሉኝ። አራሷ ታጠባለች።

በማግሥቱ ደሴ ወጣሁ። መንገዱን በሙሉ ወሬውን የማለሳልስበት ቀልድ ስፈልግ ፒያሳ ደረስኩ። ከዚያ በባጃጅ ቤታቸው ገባሁ። ገና አፌን ሳልከፍት እማማ ጓዳ ገብተው በቅቤ ያበደ እንቁላል ፍርፍር ይዘው ወጡ።

«ያንተው ነው፣ የላክኸው። ብላ ልጄ።»

«ጠግቤያለሁ እማማ።»

«በአላህ ብያለሁ!»

ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት። እጃቸውን ያዝኩ። «እማማ፣ ከእንግዲህ ይኼን እንቁላል ማንም አይብላ» አልኩና አውራ ዶሮውንም፣ ጭዱንም፣ ካፕሱሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ጉርሻውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። «ገብስማዋስ?»

«ሞተች።»

ከመጋረጃው ጀርባ አራሷ «እማዬ፣ ለካ ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያደረው…» ብላ አልጨረሰችውም። ሕፃን ሁሉ ያለቅሳል፤ አምስት አሳድጌያለሁ፣ አውቃለሁ። ያን ሰዓት ግን ያስለቀስኩት እኔ ነኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ እናትየውንም ልጁንም አይተው ምንም የለባቸውም አሉን። እማማ ሕፃኑን እያቀፉ፣ ወደኔ ሳይዞሩ «አውፍ ብያለሁ» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ሲመጣ መልሼ አስቃለሁ፤ አውፍ ብሎ ይቅር ላለ ሰው ግን ምን ይባላል?

ተመልሼ ጭዱን ጠርጌ አወጣሁ፣ አመድ በተንኩ፣ አውራውን ለብቻው አሰርኩት። ትንሽ ሲያገግሙ የትሉን መድኃኒት ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አቅፌ፣ ምንቃራቸውን ከፍቼ አጠጣኋቸው። እንቁላሉን እቀብራለሁ። ዶሮዎቹ በደንብ መተንፈስ ጀምረዋል፤ ማስነጠሱም ቀርቷል።

እማማ ስለ ዶሮዎቻቸው ለመጠየቅ የሚደውሉት አሁን ለባለቤቴ ነው። እኔ ቆጡ ሥር አጎንብሼ እየጠረግኩ «ሰላም በይልኝ» እላለሁ።

«ሰላም ብለውሃል» ትለኛለች፣ ስልኩን ከዘጋች በኋላ።