የጨዋ ሰው ረሃብ

ጋምቤላ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተራብኩት ምግብ ጠፍቶ አይደለም፤ ጨዋ ሆኜ ነው።

ደሴ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የአገሪቱን ወንዞች በሙሉ በጠመኔ ከምንጫቸው እስከ መጨረሻቸው አድርሻለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ማታ ማታ ቅየሳ ተምሬ የምስክር ወረቀት ያዝኩ። አቦቦ አጠገብ ከአልዌሮ ግድብ ውሃ የሚጠልፍ አንድ የሩዝ እርሻ ቀያሽ እንደሚፈልግ ስሰማም አመለከትኩ። ተቀበሉኝ፤ ለስድሳ የሥራ ቀን ሙከራ። ሙከራውን አልፌ ቋሚ ከሆንኩ ባለቤቴና ልጃችን ትምህርት ሲዘጋ ይመጣሉ። ካላለፍኩ ግን የምመለስበት ጥቁር ሰሌዳ የለም፤ ቦታዬ በሳምንቱ ተይዟል። መምህራኑ ሲሸኙኝ «በቅርብ እንገናኛለን» ያሉበት አኳኋን አላማረኝም። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ጋቢና ሁለት ሹራብ ነበሩ። እዚህ መምህር እንደነበርኩ ቢያውቁም፣ የአየር ንብረት አስተምር እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርኩም።

የቅየሳ ቡድኑ ኃላፊ የአካባቢው ተወላጅ፣ በዕድሜ በአምስት ዓመት የምታንሰኝ፣ በቁመት ግን በአንድ ክንድ የምትበልጠኝ ሴት ነበረች። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፤ የምትጠቀምበትም ለሥራ ስለሆነ ቃል አታባክንም። በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሦስቱ የቀን ሠራተኞች ጋር ቦዩ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አሳና የበቆሎ ገንፎ ቀረበ።

«ቲቸር፣ ና ብላ» አለችኝ።

«ይመስገን፣ በልቻለሁ» አልኩ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነበር የቀመስኩት።

ደሴ ቢሆን ይህ የነገሩ መጀመሪያ ነው። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፣ እኔ «እውነቴን ነው» እላለሁ። «አፈር ስሆን» ይላል፣ «ኧረ ጠግቤያለሁ» እላለሁ። በመጨረሻ ክንዴን ይዞ ይጎትተኛል፤ እኔም «እንግዲህ ካላችሁ» ብዬ ከሁሉም አብልጬ እበላለሁ። አሁንም ለሁለተኛው ግብዣ የሚሆን ፊት አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

«እሺ» አለችና ሳህኑን ወደ ሌሎቹ ገፋችው። ዓይኔ እያየ አሳው አለቀ።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እንዲያውም አንድ ሁለቴ በረጅሙ ተነፈስኩ። በአራተኛው ቀን የሚጋብዘኝም ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ከሠራተኞቹ አንዱ በአድናቆት እያየኝ «ቲቸር፣ ጠዋት ምንድን ነው የምትበላው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ትንሽ ነገር» አልኩት፣ በትህትና።

ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ የወሎ ሙስሊም ናቸው፤ እዚሁ ሸምግለዋል። ከሥራ ስመለስ ብስኩት የምገዛው ከእሳቸው ነበር።

«የአገሬ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ብስኩት የምታበላቸው ልጆች እዚህ አሉህ እንዴ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። መደርደሪያውን ደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። «ወላሂ፣ እኔም ስመጣ እንዳንተው ከስቼ ነበር! እዚህ አይ ካልክ ያምኑሃል። ሰውን ማመን ነውር ነው እንዴ? ብላ ሲሉህ ብላ!»

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ዓይኔን ጨፍኜ «ዛሬ አልበላሁም» አልኩ። ኃላፊዋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። የተማርኩት ስለ ምሳ ብቻ እንደነበር የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ሥራውን ወደድኩት። ውሃው ያለ ሞተር በራሱ እንዲወርድ የመሬቱን ቁልቁለት እየለካን ችካል እንተክላለን፤ ጣት የማትሞላ ስህተት ውሃውን አስቁማ ረግረግ ታደርገዋለች። እኔ የለካሁት የመጀመሪያው ቦይ ላይ ውሃ የተለቀቀ ቀን፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰውዬ፣ ከውሃው ጎን ጎን እየሮጥኩ እስከ ሩዙ ድረስ ሸኘሁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሙከራዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኃላፊዋ ቢሮ አስጠራችኝ።

«ሥራው ከባድ ነው፣ ቤተሰብህ ሩቅ ነው» አለች። «መቆየት ትፈልጋለህ?»

ልቤ «አዎ!» አለ። አፌ ግን ደሴ ያደገ አፍ ነው። «እኔ እንኳ… የተሻለ ሰው ካለ ቦታውን ይያዘው፤ ለእኔ ግድ የለም» አልኩና አንገቴን ደፋሁ። «ምን ማለትህ ነው! ያለ አንተማ አይሆንም» እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው።

«እሺ» አለችና ጻፈች።

ተመልሼ «ቀልዴን ነው» ማለት አፈርኩ። ባለቤቴ ደውላ «ምን አሉህ?» ስትለኝ «እየታየ ነው» አልኩ። እሷ ቴሌቪዥኑን ለእህቷ ሰጥታ ዕቃ ማሰር ጀምራለች። በሦስተኛው ቀን የእርሻው ሾፌር መናኸሪያ የሚያደርሰኝ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። በምሳ ሰዓት ደግሞ ሠራተኞቹ ትልቅ አሳ ይዘው መጡ፤ ለእኔ መሸኛ መሆኑ ነው። አሳው ሲጠበስ እያየሁ መቀመጥ አቃተኝና ወደ ቢሮ ሮጥኩ።

«ሥራውን እፈልጋለሁ» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ።

«አልፈልግም ብለህ ነበር።»

«እፈልጋለሁ ማለቴ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላልክም?»

«እኛ ጋ እንደዚያ አይባልም። መጀመሪያ እምቢ ይባላል። ከዚያ ሌላው ሰው ይለምናል።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ ልለምንህ ነበር?»

«ትንሽ» አልኩ።

በጣም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ «እኔ ሦስት ቀን አዝኛለሁ» አለች። «ጎበዝ ሠራተኛ ሄደ ብዬ። አንተ ግን እየቀለድክ ነበር።» ሌላ ቀያሽ እንዲፈለግ የጻፈችውን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥታ ቀደደችው። የመሸኛዬን አሳ ከሁሉም አብልጬ የበላሁት እኔው ነኝ።

ከምሳ በኋላ ቦዩ ዳር ሆኜ ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ቋሚ ሆኛለሁ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ድምፅዋ ግን ደስታ አልነበረበትም። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ላመለክት ነው ብዬ የነገርኳት ዕለት «አንተን ደስ ካለህ፣ ለእኔ ግድ የለም» ነበር ያለችኝ። እኔም አንድ ጊዜ እንኳ «በሞቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» ሳልላት ማመልከቻዬን ጻፍኩ።

«መምጣት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«አንተ ካልክ…»

«እኔን ተይኝ። አንቺ።»

ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አልፈልግም ነበር» አለች። «ከእናቴ መራቅ አልፈልግም ነበር። ሙቀቱንም እፈራለሁ። አንተ ግን ደግመህ አልጠየቅከኝም።»

ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«አንተስ?» አለች። «እንድመጣ ትፈልጋለህ?»

«እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። ናፍቀሽኛል።»

ስትስቅም ስታለቅስም ሰማኋት። «እንግዲህ ክረምቱን መጥቼ ልየው» አለች። «ካልወደድኩት ግን እመለሳለሁ፤ ነግሬሃለሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ልጅ ወልደናል። እንደምፈልጋት በራሴ አፍ ስነግራት ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ስንጋባም ለአባቷ የተናገሩልኝ ሽማግሌዎች ነበሩ።