እርጥብ ሱሪዬና ወርቃማው ገመድ

ይህን ስጽፍ እርጥብ ሱሪዬ ግቢዬ ውስጥ በወርቃማ የስፒከር ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ጠዋት መዝሙር ጥርት ብሎ እንዲሰማኝ ብዬ አዳማ ገበያ ገመድ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ ወርቃማውን አንስቶ «አባባ፣ በዚህ ከሰሙ ዘማሪው ሳሎንዎ ገብቶ የቆመ ነው የሚመስልዎት» አለኝ። ለዘማሪው ወንበር ላቀርብለት ምንም አልቀረኝም።

ቤት ስደርስ ገመዱ ለአንዱ ስፒከር ብቻ በቃ። ለሌላው፣ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ ልብስ ማስጫ ያደረገችውን የመብራት ገመድ ፈታሁ። ስንገዛው «ወፍራሙን አምጣ፣ ብርድ ልብስ ይሸከማል» ያለችው እሷ ናት።

ጎረቤቴን ኦቦ ቶላን ጠራሁና ገመዶቹን ሳላሳየው «የቱ ይበልጣል?» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና የልብስ ማስጫው ወደተገጠመበት ስፒከር ጠቆመ። «ይሄ ይበልጣል። ያኛውን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

ደግመን ብንሞክርም ያው ነው። ለካ እኔም መዝሙሩን ትቼ ገመድ ነበር የማዳምጠው፤ ይቅር ይበለኝ።

ከማስጫው የተረፈው ለሁለተኛውም ስፒከር በቃ። የታጠበው ልብስ ግን ማስጫ ስላጣ ወርቃማውን አውጥቼ ግቢው ውስጥ ወጠርኩት።

ኦቦ ቶላ «አሁን ሱሪህ ጥርት ብሎ ይደርቃል» ብሎኝ ሄደ።

እናንተስ፣ ቤታችሁ የተሰቀለውን ትታችሁ ገበያ የወጣችሁበት ነገር የለም? እስቲ አጫውቱኝ፣ ብቻዬን አልሳቅ።