አያቴ የያዙት ማተብ

አራዳ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ የአዮዲን ሽታ ቢመጣብኝ ወረፋዬን ትቼ ወጣሁ። ይህ ሽታ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ አንገቴ ላይ ትልቅ እባጭ ወጣብኝ። አያቴ አዝለው ጭልጋ ገጠር ወደነበረው የካቶሊክ ሚሲዮን ክሊኒክ ወሰዱኝ። ከባሕር ማዶ የመጣችው መነኩሲት አየችኝና፣ «አያ ታከለ፣ ማተቧ ይቆረጥ፤ እባጩን ለመክፈት አልተመቸኝም» አለች።

«ከማተቧ በፊት እጄ ይቆረጥ» አሉ አያቴ።

መነኩሲቷ አልተቆጣችም። «እንግዲያው ከፍ አድርገው ይያዙልኝ» አለች። አያቴ ጥቁሩን ክር ይዘውላት እሷ አዮዲን ቀብታ እባጩን ከፈተችው። መግሉ ጣታቸው ላይ ሲፈስ እንኳ አልለቀቁም። ሁለቱም በየራሳቸው ቋንቋ ጸሎት ያነበንቡ ነበር።

ስንመለስ ወንዝ ዳር አወረዱኝ። እጃቸውን ሳይታጠቡ ቆመው፣ «ምነው፣ ይችን የመሰለች ሸጋ ሴት እግዜር ከእኛ ሃይማኖት ውጭ አደረጋት?» አሉ።

አያቴም መነኩሲቷም አርፈዋል። ባለፈው ሳምንት ልጄ ካቶሊክ እጮኛዋን ቤት አመጣችው። ትሑት ልጅ ነው፤ ሲሰናበተኝ ጉልበቴን ሳመ። እሷ ጋብቻቸውን እንድፈቅድ ጠይቃኝ መልሴን እየጠበቀች ነው። እኔም ይኸው ቤት መግባት ፈርቼ ከተማውን እዞራለሁ።