የጠጅ ማጥለያው ጨርቅና የሞተሩ ትንፋሽ

በዚያ በጋ የመሥሪያ ቤታችንን ደብዳቤ በሞተር ብስክሌት አደርስ ነበር፤ አለቃዬም ዳግመኛ ብዘገይ ሞተሩን ለባልደረባዬ እንደሚሰጡት አስጠንቅቀውኝ ነበር። የአየር ማጣሪያው የሽቦ ወንፊት ለአራዳ አቧራ የሳሳ ስለ መሰለኝ አወጣሁትና፣ እናቴ ጠጅ የምታጠልበትን ጨርቅ በአራት አጥፌ አሰርሁበት።

አንድ ቀን ደብዳቤ ይዤ ዳገት ስወጣ፣ እኩሌታው ላይ ሞተሩ ታፍኖ ጠፋ። እየገፋሁ ጥገና ቤት ደረስሁ። የጥገና ቤቱ ባለቤት የሆኑት አርመናዊ ሽማግሌ ጨርቁን አሸተቱና፣ «ልጄ፣ ሞተሩን ጠጅ ልታስጠምቀው ነው? እሱ የሚፈልገው ትንፋሽ ነው» አሉኝ። ከኪሴ ያወጣሁላቸውን ወንፊት በቤንዚን አጥበው፣ በዘይት ነክረው መለሱት፤ በየቅዳሜው እንዲሁ እንዳደርግም መከሩኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ስደርስ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሞተሩን የነዳው ባልደረባዬ ነው። ወንፊቱን ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥበው ግን እኔው ነበርሁ፤ ሌላ የሚያውቅበት አልተገኘም።