የቦኖው ፓርቲ

እኔ ድሮም ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ «ይቺ ልጅ ሞት ቢመጣባት እንኳ ማን ላከህ፣ ከየት ነህ ሳትለው አትሄድም» ትለኝ ነበር። ስለዚህ የኛ ቀበሌ ሰው፣ በዚያ በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ቦኖ ውሃ የምታስቀዳ ሴት ሊቀመንበሩ አድርጎ ለመምረጥ እንዴት እንደደፈረ ያኔም ስጠይቅ ነበር፣ ዛሬም እጠይቃለሁ።

ያኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው መጋላ ጫፍ ላይ ነው፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ሲሠራ ኖሮ ያረፈ ሰው ነው። ወንድሜ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት ተቀምጦ ነበር። ተቀምጦ ስል ተደብቆ ማለቴ ነው። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት አምጣ ሲባል ከመንገድም ከቤትም ያፍሳል፤ የታፈሰው ሁርሶ ማሰልጠኛ ይወርዳል፤ ከሁርሶ በኋላ ሰሜን ነው። የሰሜኑን ነገር ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። እናቴ አፈሳ መጣ የሚል ወሬ በሰማች ቁጥር ወንድሜን ከግመል ነጂዎች ጋር ወደ ጀልዴሳ በረሃ ትሸኘዋለች፤ ወሬው ሲበርድ ፀሐይ አክስሎት ይመለሳል።

አፈሳው ደግሞ ሰው ያውቅ ነበር። የሊቀመንበሩ ልጆች በጠራራ ፀሐይ መሀል መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አጠገባቸው ያለውን ልጅ አንስቶ እነሱን ያልፋል። ከሱ በፊት የነበረው ሊቀመንበርም እንዲሁ ነበር። ሁለቱ ሰዎች እየተፈራረቁ ነው የገዙን። ሁለቱም ያው የአንዱ ፓርቲ አባል ቢሆኑም ሰዉ እንደ ሁለት ፓርቲ ነበር የሚቆጥራቸው። አንዱ ወንበሩን ሲይዝ የሌላኛውን ወዳጆች ልጆች ያፍሳል፤ ሌላኛው ሲመለስ ብድሩን ይመልሳል። እኛ ከማንም ስላልሆንን በሁለቱም ጊዜ ስንሸሽ ኖርን። በመጨረሻ ሰዉ ሰለቸው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ ስብሰባ ላይ ማንቀላፋት ጀመረ።

ታዲያ የምርጫ ጊዜ ሲደርስ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ለወጉ ሦስተኛ ዕጩ ይቅረብ ተባለ። ሁለቱ ሰዎች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት ያን ቀን ይመስለኛል። የማይመረጥ ሰው ፈለጉ፤ አገኙም። የቦኖዋን ሴትዮ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አማርኛዋ ላይ ኦሮምኛውም ሶማልኛውም ይገባበታል፤ ባሏ ሞቶባታል፤ ስብሰባ ላይ ቃል ተናግራ አታውቅም። ሁላችንም አዴ፣ እናታችን እንደማለት፣ ነበር የምንላት፤ በቁልቢ የሚምለውም በነቢ የሚምለውም።

እነሱ ያላወቁት ቦኖው ጋ የሚሆነውን ነው። የሊቀመንበር ሚስት ውሃ አትቀዳማ። እዚያ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። በዚያ ሙቀት ማን ይቆማል? ጀሪካንህን ከመጨረሻው ጀሪካን ኋላ አስቀምጠህ ጥላ ትፈልጋለህ፤ ጀሪካንህ አንተን ሆኖ ይጠብቃል። አዴ ደግሞ አንዱን ጀሪካን ከሌላው አታስቀድምም። አንድ ቀን የሊቀመንበሩ ሠራተኛ መጥታ «የጓድ ሊቀመንበር ቤት ነው» ብላ ጀሪካኗን ከፊት ደነቀረችው። አዴ አንስታ ወደ ኋላ ወሰደችው። ልጅቷ አፏን ስትከፍት አዴ በጣቷ ከሰልፉ መጨረሻ ያለ ሰማያዊ ጀሪካን አሳየቻት።

«ያ የኔ ቤት ነው» አለቻት። «ልጄ ከጠዋት ጀምሮ ሻይ አልጠጣም። ከሱ ኋላ አድርጊው።»

እናቴ ይህን አይታ መጣች። ከዚያ በፊት «ውሃ አስቀጂ ልትመራን ነው?» ብላ ስታፌዝ የነበረችው ሴት ያን ቀን ምሳ እየበላን «ወረፋ የሚያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር» አለች። የቦኖው ሴቶችም ራሳቸውን የቦኖው ፓርቲ ብለው ይቀልዱ ጀመር። «የቦኖው ፓርቲ ጠቅላላ ጉባኤ ነገ ጠዋት፣ ጀሪካን ይዛችሁ ኑ» ይባላል። ሰው ይስቃል። እኔ ግን ሳቁ ውስጥ ሌላ ነገር ሰማሁ፤ ሰዎች እውነት ተስፋ እያደረጉ ነበር፤ ያስፈራቸውም ያ ነው።

የዕጩዎች ስብሰባ ላይ ከኋላ አንድ ሰው ድፍረት አገኘና አዴን ጠየቃት። ብትመረጥ ውትድርናን ታስቀር እንደሆነ።

«እኔ ማነኝና አቦ!» አለች። «መንግሥት አምጡ ካለ ማን ያስቀራል? አላስቀርም። ግን ልክ እንደ ጀሪካኑ ይሆናል። የሁሉም ልጅ ስም ይገባል፣ የሊቀመንበሩም፣ የኔም። ዕጣ ይወጣል፣ በቀን፣ ሰው እያየ። ከዚህ ሌላ የምሰጣችሁ የለኝም፣ ወላሂ።»

የሚያጨበጭብ ሰው አልነበረም። ሰዉ ግን ያን ቀን አላንቀላፋም።

የቀረው የሥዕሉ ነገር ነው። ማንበብ ለማይችለው ሲባል ለየዕጩው የእንስሳ ምልክት ተሰጠ። ለሊቀመንበሩ ዝሆን፣ ለቀድሞው አንበሳ፣ ለአዴ ቀጭኔ። ሥዕሉን እንዲሠራ የታዘዘው ሻይ ቤቶቹን ሁሉ የቀባልን ሠዓሊ ነው፤ ትውልዱ ጀልዴሳ፣ ያደገው ግመል ሲጠብቅ። ዝሆንና አንበሳ ብር ላይና መጽሐፍ ላይ አይቷል። ቀጭኔን ግን የት ይየው? የቀበሌው ጸሐፊ አንገቷ ረጅም፣ እግሯ ረጅም፣ የግራር ቅጠል ከላይ የምትበላ ብሎ አስረዳው። «አወቅኳት» አለ ሠዓሊው።

ሥዕሉ የቀበሌው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እዚያ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ረጅም ጊዜ አፍጦ ቆየ።

«ይህ ቀጭኔ ነው?»

«አንገት አላት፣ እግር አላት፣ ነጠብጣብም አድርጌላታለሁ። ምን ጎደለ ጓድ?»

«ጀርባዋ ላይ ያለውስ?»

«እሱ ከሌለማ በረሃውን እንዴት ትችላለች?» አለ ሠዓሊው ከልቡ ተገርሞ። «ትሞታለች እኮ!»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ይቀየር ቢል መቀየር ይችል ነበር፤ ግን ሥዕሉ የአዴን ዕጩነት ይበልጥ ቀልድ ያደርገዋል ብሎ ይመስለኛል ተወው። የከተማውን ሰው እንዴት እንዲህ እንዳላወቀው እስካሁን ይገርመኛል። እዚህ አገር በግመል የሚቀልድ ማነው? ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው በየቤቱ ጫቱን ይዞ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። አንድ ሽበታም ከብት ነጋዴ ግድግዳው ሥር ቆሞ የተናገረው ነው ሁሉን የጨረሰው።

«ዝሆን እርሻ ያጠፋል። አንበሳ ከብት ይበላል። ይቺ ግን ወተት ትሰጣለች፤ ምን ያጠያይቃል?»

በምርጫው ቀን መምህራን አስተናጋጅ ተደርገን ስለነበር እኔን የድምፅ መስጫው መጋረጃ በር ላይ አቆሙኝ። ለሰው ቁራጭ ካርቶን ይሰጠዋል፤ መጋረጃው ውስጥ ሥዕል የተለጠፈባቸው ሦስት ሣጥኖች አሉ። ማን የት እንደጨመረ ለማወቅ ጆሮዬን አቁሜ ዋልኩ። ባዶ ሣጥን ካርቶን ሲወድቅበት ያስተጋባል፤ ያን ድምፅ እጠብቅ ነበር፤ በስተቀኝ ያለው የዝሆኑ ሣጥን እስከ እኩለ ቀን ሲያስተጋባ ቆየ። የአዴ ሣጥን ገና በጠዋቱ ድምፅ ማሰማት አቆመ። ሞልቶ ነበር።

ከበላይ የመጡት ሰዎች ቆጠራውን አስደገሙ። ከዚያ በቢሮው ተዘግተው ተነጋገሩ፤ የአዴ ስም የሚሰረዝ እንጂ የሚጸና አልመሰለንም። ሲወጡ ግን አፀደቁት። ለምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ። የውትድርናው ኮታ እስከሞላ ድረስ ማን እንደሞላው ለእነሱ ግድ አልነበራቸውም። መጋላ ያን ቀን በእልልታ ተናወጠ፤ እናቴም ደስ ብሏት አለቀሰች።

ኮታው ወዲያው መጣ። አዴ ቃሏን አላጠፈችም። ለእሑድ ጠዋት ስብሰባ ጠርታ፣ ዕድሜው የደረሰ ልጅ ያለው ሁሉ የልጁን ስም በወረቀት አድርጎ በገዛ እጁ እንዲያመጣ አስነገረች። ያን ጊዜ ወንድሜ ጀልዴሳ ነበር። ሊደበቅ ይችል ነበር፤ አዴ ቤት ለቤት አታስፈትሽም። እናቴ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ሲነጋ «ሄደሽ አምጪው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?»

«የጎረቤቶቼ ልጆች ስም ሲገባ የኔን ደብቄ እንዴት እዚያ እቀመጣለሁ? መርጫታለሁ እኮ። እሷም የራሷን ልጅ ታስገባለች።»

ወንድሜን ሳመጣው አልተቆጣም። «እኔም ታክቶኛል» አለ፤ «የግመል ጠረን ከልብሴ አልለቅ ብሏል።»

ስሞቹ የገቡት የወተት ዱቄት በነበረበት ባዶ ጣሳ ውስጥ ነው። አዴ የልጇን ስም ለሁሉም አሳይታ ጨመረች። የወረደው ሊቀመንበር ልጆች ስም ሲገባ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ አየ፤ የተመኘነው እሱን አልነበር? እናቴ የወንድሜን ስም አጣጥፋ ከተተች። ዕጣውን የሚያወጡት ከሰፈሩ ሕፃናት የተመረጡ ነበሩ። ከወረደው ሊቀመንበር ልጆች የአንዱ ስም ወጣ፤ ጉርምርምታ ሆነ፤ ሰውየው አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ የወጣው የወንድሜ ነው።

እናቴ አልጮኸችም። አዴ ከወንበሯ ተነስታ መጥታ አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ ዕጣው እስኪያልቅ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። የአዴ ልጅ ስም አልወጣም።

ወንድሜ ከሁርሶ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ከሰሜን አንድም ጊዜ አልጻፈም። ደርግ ወድቆ የተረፉት በየመንገዱ ሲመለሱ እናቴ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ እየዋለች ጠበቀችው። አልመጣም። ሳይመጣ ከቀረ በኋላ፣ አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን፣ አዴን በመምረጧ ይቆጫት እንደሆነ ጠየቅኳት። ይህን መጠየቅ እንዳልነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን ማወቅ ፈለግኩ።

የያዘችውን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰችና «በፊት ቢሆን የምረግመው ሰው ነበረኝ» አለችኝ። «አሁን ማንን ልርገም? እሷን እንዳልረግም የሷም ልጅ እዚያው ጣሳ ውስጥ ነበር።»