ለእንግዳ የተቆላ ዘር

ባለፈው እሑድ ከጎረቤቴ ከክላውስ ጋር ተጣላሁ። ክላውስ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እኔም በሕመም ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሁለታችንም ሚስቶቻችንን ቀብረናል። እዚህ ጀርመን አገር እሑድ ሱቅ የሚዘጋበት፣ ምስማር መምታት የሚያስወቅስበት፣ ሰው ደረጃ ላይ ሲገናኝ እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ቀን ነው። ስለዚህ እሱ ቤት ኬክ እየበላን ዜና እናያለን። እሱ በዓለም ላይ ይፈርዳል፤ እኔ በእሱ ላይ እፈርዳለሁ።

የዚያን ቀን ቴሌቪዥኑ ከጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩበትን ድንኳን ያሳያል። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ትናገራለች። ሻሿ ንጹሕ ነው፤ ዓይኗን ተኩላለች። ክላውስ ሹካውን ወደ እሷ ቀስሮ፣ «ይቺ ደግሞ ምኗ ተራበ? ኩል የምትገዛበት አላት» አለ።

ጀርመንኛ በንዴት ጊዜ ከአፌ አይወጣም። በአማርኛ ሰደብኩትና ኬኬን ትቼ ወጣሁ። ምን እንዳልኩት አልገባውም፤ መሰደቡ ግን ገብቶታል።

ይህ አገር ክፉ አገር ነው አልልም። ታምሜ አድኖኛል፤ ዳቦውም ጥርስ ላለው ሰው ጥሩ ነው። የማይዋጥልኝ ግን አንድ ነገር አለ። እዚህ ሰው የሚያዝነው ለተቀደደ ልብስ ነው። ስደተኛው ስልክ ከያዘ አልተቸገረም ይሉታል፤ በዚያች ስልክ የእናቱን ድምፅ እንደሚሰማ አያስቡም። ቦምቡን ማን እንደሸጠ ሳይጠይቁ የተፈናቃዩን ጫማ ይመረምራሉ። በየጠረጴዛው፣ በየጋዜጣው፣ በየምርጫው ይኸው ነው። ድሃ ድሃ መምሰል አለበት፤ ካልመሰለ አታላይ ነው። እኔ ይህን ነገር ጀርመን ሳልመጣ፣ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወሎ ውስጥ ከውርጌሳ በላይ ባለች አንዲት መንደር አይቼዋለሁ።

የሀብሩ ሰው ነኝ፤ የተወለድኩት መርሳ ነው። በደጉ ዘመን መርሳ ሲገቡ ገና ከመኪና ሳይወርዱ የብርቱካን አበባ ሽታ ይቀበልዎታል። ፓፓያው መንገድ ዳር ተቆልሎ የሚገዛው ይጠፋል። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ግን በልጉም ክረምቱም ከዱን። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። አውራ ጎዳናው ዳርና ዳር ወደ ወልድያ በሚያዘግም ሰው ተሞላ፤ አንዳንዱ ከሐራ፣ አንዳንዱ ከየቆላው የመጣ ነው። ከብት የሚነዳ ሰው አልነበረም፤ የሚነዳ ከብት አልቀረማ።

እኔ ወልድያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። እንግሊዝኛ ስለምችል አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ፈረንጅ አስተርጓሚ አደረገኝ። ምሳ ይሰጠኛል፤ በዚያ ጊዜ ከምሳ የሚበልጥ ደመወዝ አልነበረም። ነጭ ሸሚዝም ሰጠኝ። በነጭ መኪናው የፊት ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ወላሂ፣ ራሴን ከመንገደኛው ሌላ ፍጥረት አድርጌ አየሁት።

ፈረንጁ ክፉ ሰው አልነበረም። አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር፤ አንዳንድ ቀን መኪናው ውስጥ ያለቅሳል። ሥራችን ቤት ለቤት እየዞርን የስንዴ ካርድ የሚገባውን መለየት ነበር። ስንዴው ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ቤቱን ያያል፣ ልጆቹን ያያል፣ ድስቱን ከፍቶ ያያል፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ይጽፋል።

ከውርጌሳ በላይ ያለችው መንደር ተራ ሲደርስ ደስ አለኝ። የአባቴ እህት አክስቴ ሐዋ እዚያ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ይዛ የቀረች፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች። የመጨረሻዋ ልጇ ጦይባ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከአክስቴ ጋር አጥር የሚጋሩት ክርስቲያኗ እማማ የሺ መርሳ ገበያ ሲመጡ አገኘኋቸውና፣ ነገ ከፈረንጅ ጋር እመጣለሁ፣ ልጆቿን ይዛ ቤት ትጠብቀኝ ብዬ ላክሁባቸው። የሚበላ ፍለጋ ሄዳ እንዳታመልጠኝ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። መልእክቱ ለአክስቴ የደረሰው ግን እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነው። ወሎ ውስጥ እንግዳ ይመጣል ተብሎ የተነገራት ሴት ምን እንደምታደርግ እኔ ላውቅ ይገባኝ ነበር።

ስንደርስ ደጁ ተጠርጓል፣ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ውኃው የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር። አክስቴ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ዓይኗን ተኩላ ቆማለች። ልጆቹ ታጥበው፣ ጭንቅላታቸው ከየት እንደተገኘ በማላውቀው ቅባት ወዝቶ፣ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ቀሚሷ ከውስጡ ሰው የሌለበት ያህል ሰፍቷታል፤ ፈረንጁ ግን ያየው ቀለሙን ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉልበቷን እስማለሁ፣ እሷም አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች። የዚያን ቀን በነጭ ሸሚዜ ቆሜ እጄን ዘረጋሁላት። ለፈረንጁም አክስቴ ናት አላልኩትም። እሷም ፊቴን አየት አደረገችና ነገሩ ገብቷት እንደ ባዳ ጨበጠችኝ።

ከተቀመጥን በኋላ በትንሽ ሰፌድ የማሽላ ቆሎ አቀረበች። ቀና ስል ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ባዶ ገመድ አየሁ። እዚያ ገመድ ላይ የሚንጠለጠለው ለዘር የተመረጠው የማሽላ ራስ ነው፤ ነቀዝ እንዳይነካው ጢስ እየጠጣ ዝናብ ይጠብቃል። የእኛ አገር ገበሬ ልጁ እየተራበ እንኳ ዘሩን አይነካም። አክስቴ ለልጆቿ ያልነካችውን ዘር ለእንግዳ ቆላችው።

ፈረንጁ ዘግኖ በላ፤ ይጣፍጣል አለ። እኔም ዘገንኩ። ጦይባ ዓይኗ ከሰፌዱ ወደ ፈረንጁ አፍ፣ ከአፉ ወደ ሰፌዱ ይመላለሳል፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። እናቷ ከእንግዳ ፊት እጅ እንዳይዘረጋ አስተምራታለች።

«የሚበላ ነገር አላቸው ወይ? ጠይቃት» አለኝ ፈረንጁ።

ጠየቅኋት። አክስቴ ፈገግ ብላ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። አላህ አያሳጣን። ቅመሱ እንጂ፣ ምነው ተዋችሁት?» አለች።

ተረጎምኩት። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም ቃል አልቀነስኩም። ፈረንጁ ጻፈ።

ከዚያ እማማ የሺ ቤት ገባን። እሳቸው ከገበያ መልስ ትኩሳት ጥሏቸው ስለነበር ቤቱ አልተጠረገም፤ የተኙት በአሮጌ ጨርቅ ላይ ነው። ካርዱ ለእሳቸው ተሰጠ። መኪናው ውስጥ ፈረንጁ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ጠንካራ ናት፣ ለባሰበት እንስጥ አለኝ። አዎ አልኩት።

በሳምንቱ በኪሴ ጥቂት ብስኩት ይዤ ብቻዬን ወጣሁና ስሟ እንዳልገባ፣ ለምን እንዳልገባም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ እንግዳ መጣ ሲሉኝ ልጆቼን ከነእድፋቸው ላቁማቸው ኖሯል?» አለች። «ገበናን ካላዩ የማያምኑ እንግዶች መሆናቸውን በምን ልወቅ ብለህ?»

እማማ የሺ በስተርጅና ያገኙትን ስንዴ በጣሳ እየከፈሉ ለአክስቴ በአጥሩ ላይ ያቀብሏት ነበር። ለአንድ ሰው የተሰፈረ ስንዴ አምስት ሰው አያደርስም። ጦይባ ሁለተኛው ምዝገባ ሳይመጣ ሞተች።

ሁለተኛው ምዝገባ ሲመጣ እኔ ወደ ሌላ ወረዳ ሄጄ ነበር፤ የሆነውን የነገሩኝ እማማ የሺ ናቸው። አክስቴ በማለዳ ተነስታ የዒድ ቀሚሷን በገዛ እጇ ከጫፉ እስከ ጉልበቱ ቀደደችው። የሁለቱን ልጆች ጭንቅላት አመድ ቀባች። ደጁን ሳትጠርግ መሬት ላይ ተቀመጠች። ካርዱን ያን ጊዜ አገኘች። ስንዴ ሰጡን ተብሎ ምስጋና የሚጠየቅበት ስብሰባ ላይ ሁሉ፣ እዚህ ጀርመንም ቢሆን፣ ተነስቼ የምወጣው ለዚህ ነው። ሴትዮዋን ያላትን አንድ ቀሚስ አስቀድደው ነው የሰጧት።

በቅርቡ ጦርነት በእኛ በኩል ሲያልፍ መርሳም ወልድያም ስልክ ተቋርጦ ከርሞ ሲከፈት ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ አነሳው። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፣ አብሽር» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ በዚያው ሰዓት የምችለውን ሁሉ ላክሁ። ከዚያ አገር ደህና ነን የሚል ሰው አላምንም።

ረቡዕ ዕለት ክላውስ በሬን አንኳኳ። በሳህን ትቼው የሄድኩትን ኬክ ይዟል። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ምን ብዬ እንደሰደብኩት ብቻ ማወቅ ፈለገ። አስገባሁትና በተሰባበረ ጀርመንኛዬ የማሽላውን ነገር ነገርኩት። አንዲት ሴት ነበረች፣ አልኩ። አንድ ፈረንጅ መጣ፣ አልኩ። አንድ አስተርጓሚ ነበር፣ አልኩ። ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ለሚስቴ ሳይቀር፣ እንዲህ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

ክላውስ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀ።

«አስተርጓሚው እርቧቸዋል ብሎ ለምን አልነገረውም?»

ስለ ፈረንጅ፣ ስለ ዜና፣ ስለ ቦምብ ነጋዴ ብዙ የምናገረው ነበረኝ። ለዚህ ግን ከአንድ በቀር መልስ አልነበረኝም። ቢናገር፣ ይህን በምን አወቅህ ይባላል፤ ሲጠየቅም ማን እንደሆነች መናገር አለበት። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው የራብተኛ ዘመድ መሆኑ እንዲታወቅበት አልፈለገም።

«አክስቴ ናት» አልኩት። «አስተርጓሚው እኔ ነኝ።»

ለፈረንጅ አክስቴ ናት ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ክላውስ ሳህኑን ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔም ተቀመጥ አላልኩትም።