ከሾላው ጀርባ ያለው ውሃ

የዱባ ቅጠል ከነአገዳው ሲቀነጠስ የሚወጣው ጥሬ ሽታ ዛሬም ሞጣ ገበያ መካከል ድንገት ያገኘኛል፤ ባገኘኝ ቀን ዘምቢሌን እንደያዝኩ እንደ ጅል ቆሜ እቀራለሁ። እኔና ታላቅ እህቴ ትርንጎ ውሃ ውስጥ ፊታችንን ደፍተን የምንተነፍሰው በዚያ ባዶ አገዳ ነበር።

ቤታችን ብቸና ነበር፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ደፍርሶ ሲወርድ ማንም ልጅ አጠገቡ ዝር እንዲል አይፈቀድለትም ነበርና፣ እኛም ዝናቡን በሆዳችን እየረገምን መጉደሉን እንጠብቅ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ውሃው ይጠራል። ያን ጊዜ ልብስ አጠባ ተልከን እንወርድና፣ ልብሱን እንደ ነገሩ አሽተን ድንጋይ ላይ አስጥተን፣ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ወደሚያቅፋት ትንሽ ደሴት እስከ ጉልበታችን የሚደርሰውን ውሃ ተሻግረን እንሄድ ነበር። ደሴቷ ላይ አንድ ሾላ ነበር፤ ከሾላው ጀርባ ደግሞ ገደሉ እንደ ክንድ ታጥፎ የሸሸገው፣ ከየትም የማይታይ የረጋ ውሃ። ቦታውን ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ዋና ያስተማረችኝ ትርንጎ ናት። ሆዴን በመዳፏ ደግፋ «ውዴ፣ አትታገዪው፣ ውሃው ራሱ ይይዝሻል» ትለኝ ነበር። የአገዳውን ሻካራ ጠጉር በቀሚሷ ጫፍ አሽታ ታጎርሰኛለች፤ ከዚያ አፍንጫችንን በጣታችን ይዘን፣ ዓይናችንን ገልጠን፣ በሆዳችን ተንሳፍፈን ሸርጣኑ ከድንጋይ ሥር ሲሾልክ፣ ጣት የማያህሉት ዓሦች ባንድ ላይ ሲዞሩ እናይ ነበር። ትርንጎ አገዳውን ጥላ ጠልቃ ትሄድና፣ እኔ ጨንቆኝ ማልቀስ ስጀምር ከወዲያ ጥግ እየሳቀች ብቅ ትላለች። እንደዚያ ስትስቅ ሌላ ቦታ አይቻት አላውቅም።

አብረን በወረድንበት በመጨረሻው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አዝመራው እንደተሰበሰበ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት መጡ፤ አባቴ «ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት» ብሎ መለሳቸው። ደግመው መጡ፤ ደግሞ መለሳቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ እንቢ ስለተባለ አይቀርምና፣ ከጥምቀት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አባቴ ያን ቀንም ሊመልሳቸው ቆርጦ ነበር፤ ጠዋት ለእናቴ ሲነግራት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጠላ ስቀዳ አንደኛው ሽማግሌ እንደ ጨዋታ አድርገው «እስቲ አንቺ እንኳ ንገሪን፣ እህትሽ ምን ሙያ አላት?» አሉኝ። ወጥና እንጀራ ማለታቸው ነበር። እኔ ግን «ዋና ትችላለች!» አልኩ። እርስ በርስ ሲተያዩ ያላመኑኝ መሰለኝና «ከውሃ በታች ስትሄድ ማዶ ያሉት እረኞች ሁሉ አይተው አጨብጭበውላታል!» ብዬ ጨመርኩ።

እረኞች አልነበሩም። ማንም አይቶን አያውቅም። እህቴን ከፍ ያደረግኋት መስሎኝ ከራሴ የጨመርኩት ነው።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። የልጁ ስም ወንድ ፊት ገላዋን አሳየች ተብሎ በየመንደሩ ሲነሳ የሰማ ያህል አቀረቀረና፣ «እንግዲህ ከእናንተ አትበልጥብኝም» አላቸው። ትርንጎ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። ውሸት ነው ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። እኔም ዋሽቼ ነው ማለት እችል ነበር፤ ዱላ ፈራሁ። ሚያዝያ ላይ ግንደወይን ተዳረች፣ ደብተሮቿም ለእኔ ተረፉ።

አባቴ ቆይቶ ሳይጸጸት አልቀረም፤ እኔን ሊጠይቅ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ከበር መለሰ። ተምሬ ሞጣ ውስጥ አስተማሪ ሆንኩ። ዛሬ ከተማሪዎቼ አንዷን ሊድሯት ሲሉ ጓደኞቿ ሮጠው መጥተው ይነግሩናል፣ ሄደን ለምነንም ተቆጥተንም ያስቀረነው ሠርግ አለ። ያን ጊዜ እውነቱን የሚናገርላት ከእኔ በቀር ማን ነበራት?

ባለፈው ጥቅምት ግንደወይን ሄጄ፣ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስንት ዓመት ያፈንኩትን አወጣሁት። «እታለም፣ እረኞች አልነበሩም እኮ» አልኳት።

«እኔስ እዚያው አልነበርኩም?» አለች ቀና ሳትል። «ያን ዕለት ውሸታም ብልሽ አባባ ቆዳሽን ይገፈው ነበር።»

አልቅሼ ሳልጨርስ፣ ጠዋት ዋና አስተምርሻለሁ ያልኳት ትንሿ ልጇ ከደጅ ሮጣ ገብታ እናቷ ትከሻ ላይ ተንጠለጠለች። «እማ፣ አክስቴ ዋና ታስተምረኛለች! አንቺስ ትችያለሽ?»

ትርንጎ ከምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች።

«እኔ ልጄ? እኔ ውሃ እፈራለሁ» አለቻት።

ልጅቱ እውነት እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም እንደዚያን ጊዜው ዝም አልኩ።